ከዝለት በኋላ ወደ ሥራ መመለስ፦ አዲስ ምጣድ እንደ ማሟሸት

ሥራው አዝሎኝ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። የመጀመሪያው የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው። ሁለተኛው ይኸው ዓመት አልፎታል። ይህን ስናገር ብዙ ሰው «ያኔ በደንብ አላረፍሽም ነበር ማለት ነው» ይለኛል። እረፍቱ አንዱ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ስመለስ እኔ ትንሽ አገግሜ ነበር፤ ሥራው ግን እንደነበረ ነበር።

የምሠራው እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ነው። መስኮት ላይ ተቀምጬ ገንዘብ እከፍላለሁ፣ እቀበላለሁ። ቴለር የምንለው ማለት ነው። ስድስት ዓመት እንደዚያ ሠራሁ። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት፣ በሞባይል ይልክና ይቀበል የነበረው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ መጣ። ሰልፉ ከበር ውጭ ይደርሳል። «ሲስተም የለም» ሲባል ቁጣውን የሚቀበለው መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ነው። በዚያ ላይ ታርጌት አለ፤ በወር ይህን ያህል አዲስ ሒሳብ አስከፍቱ፣ ይህን ያህል ተቀማጭ አምጡ። ሒሳብ ዘግቼ ስወጣ መሽቷል። አንድ ቀን ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። የሚያመኝ ነገር አልነበረም። ጣቶቼ እምቢ አሉ። እዚያው አለቀስኩ።

በርንአውት የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐኪም አፍ ሰማሁት። በአማርኛ የተስማማንበት ስም ገና የለውም። አንዳንዱ የሥራ መሰላቸት ይለዋል። አይመጥነውም። የተሰላቸ ሰው ቅዳሜና እሑድን ዘና ሲል ይታደሳል። እኔ ዝለት እለዋለሁ። ክንድ ሲዝል፣ ጉልበት ሲዝል እናውቃለን። ይኼኛው ሰውነትም፣ ልብም፣ አእምሮም አንድ ላይ ሲዝሉ ነው።

ነገሩን በጽሑፍ በማስታወቅ ስሙ የሚነሣው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1974 ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ያገለግል ነበር። ለሥራው በጣም የሚቆረቆሩት ባልደረቦቹ ቀስ በቀስ ባዷቸውን ሲቀሩ አየ። ሰነፎቹ አልነበሩም። ከዚያ ክርስቲና ማስላክ የተባለች ተመራማሪ ከሱዛን ጃክሰን ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1981 የዝለት መለኪያ መጠይቅ አሳተመች። እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው ላይ ለዝለት ሦስት ምልክት ጽፏል። የመጀመሪያው ጉልበት ማለቅ ነው። ተኝተው የማይለቅ ድካም። ሁለተኛው ከሥራው በልብ መራቅ ነው። እኔ ላይ ይህ የታየው በባለጉዳዮች ነው። ድሮ «እንዴት ነዎት እማማ፣ እግርዎ ተሻለዎት?» የምል ሰው፣ ቀና ብዬ ሳላይ «ቀጣይ!» ማለት ጀመርኩ። ሦስተኛው የሥራ ብቃት መውረድ ነው። አንድ ማታ ሒሳብ ስዘጋ 4,000 ብር ጎደለኝ። የባንክ ሰው ያውቃል፤ ጉድለት ከቴለሩ ኪስ ነው የሚወጣው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ደገመኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሆኖብኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ድርጅቱ ዝለትን ከበሽታ አልቆጠረውም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው፤ የሥራ ጫና ለረጅም ጊዜ ሲከማችና መላ ሳይበጅለት ሲቀር የሚመጣ። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ወባ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ውጦ፣ ድኖ መመለስ ይቻላል። ዝለት ግን ምንጩ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። ቤት ተኝቶ የሚድነው ሰውየው ነው። ቢሮው አልተኛም። ስለዚህ መመለስ ማለት ምንጩ ወዳለበት ቦታ መሄድ ማለት ነው።

ሆኖም ድካምን ሁሉ ዝለት ብላችሁ አትደምድሙ። ይህን የምለው በብርቱ ነው። የደም ማነስ ያደክማል። የእንቅርት እጢ ሥራ ማነስ ያደክማል፣ ያስረሳል፣ ያስከፋል። ስኳርም፣ ሳንባ ነቀርሳም እንደዚያው። ድባቴ (ዲፕሬሽን) ደግሞ ከዝለት ጋር በጣም ይመሳሰላል። በጥቅሉ ልዩነቱ እንዲህ ነው፤ ዝለት ከሥራው ይጀምራል፣ ድባቴ ግን ሥራውንም፣ ልጁንም፣ በዓሉንም፣ ምግቡንም ያጨልማል። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ። እዚህ ከተማችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አለን። ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «ሰው ቢያየኝስ?» ብዬ እኔም ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። ጎንደር ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስሄድ ያየሁት ግን ተራውን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ መምህር፣ ነጋዴ፣ እናት ከልጇ ጋር። ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ። ዛሬውኑ ሰው ይዞ ይሂድ።

የገንዘቡ ጉዳይ

ሰው ሳይድን የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በገንዘብ ምክንያት ነው። የእኔም የመጀመሪያ መመለስ እንደዚያ ነበር። ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ጉዳት ሲታመም የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ባሉት 12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ድረስ። የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። አንቀጽ 85 እና 86ን አንብቡ። ሠራተኛው በቀረ ማግሥት ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። የሐኪም ማስረጃም ያቀርባል። ይህ የግል ድርጅትና የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኞችን ነው የሚመለከተው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱን የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰው ያሳስተዋል። አንደኛ፣ ስድስቱ ወር በተከታታይ ቢወሰድም ተቆራርጦ ቢወሰድም ይደመራል። እኔ ሦስት ወር ቆይቼ፣ ዘጠኝ ቀን ሠርቼ፣ ሁለት ወር ደግሞ ስወጣ ቆጠራው እንደ አዲስ አልተጀመረም። ካቆመበት ነው የቀጠለው። ሁለተኛ፣ ዝለት በራሱ እንደ በሽታ ስላልተመዘገበ ሐኪሙ ማስረጃው ላይ የሚጽፈው ያየውን ሕመም ነው፤ ጭንቀት፣ ድባቴ፣ እንቅልፍ ማጣት። ይህን ስታዩ «ያልሆንኩትን ጻፉብኝ» ብላችሁ አትደንግጡ። የሕመማችሁን ዝርዝርም ለቅርንጫፉ ሰው ሁሉ የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ግማሹም ደመወዝ ቆመ። የቤት ኪራይ አለ፣ የእናቴ መድኃኒት አለ፣ የእድር መዋጮ አለ። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ብዬ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያው መስኮት፣ ያው ሰልፍ፣ ያው ታርጌት ጠበቀኝ። በዘጠነኛው ቀን ገንዘብ እየቆጠርኩ ቁጥሩ ከአእምሮዬ ጠፋ። እንደገና ቆጠርኩ። እንደገና ጠፋ። ባለጉዳዩ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ወጥቼ ሁለት ወር አልተመለስኩም።

በሁለተኛው ዙር ገንዘቡን አስቀድሜ አሰብኩበት። የእቁብ ዳኛችንን አነጋገርኩና ዕጣዬን ቀደም አድርገው ሰጡኝ። ሰው ሲቸግረው ተራ መልቀቅ በብዙ እቁብ ያለ ወግ ነው። መጠየቅ ያሳፍር ይሆናል። ካልዳኑ መመለስ ግን ከዚያ የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

እሳቱን ያቀጣጠለው ምን ነበር?

ማስላክ ከማይክል ላይተር ጋር ሆና ዝለትን የሚወልዱ ስድስት የሥራ ገጽታዎችን ለይታለች። የሥራ ብዛት። በሥራው ላይ የመወሰን ነፃነት። ለድካም የሚገኝ ዋጋ፣ ገንዘብም ምስጋናም። የባልደረቦች ኅብረት። ፍትሕ። የእኔ እምነትና የሥራው ዓላማ መስማማት።

ሐኪሜ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝና «ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ያቃጠለሽ?» አለችኝ። ወዲያው «ሥራ መብዛቱ» አልኩ። ሁላችንም የምንለው እሱን ነው። ወረቀቱን ቤት ወስጄ ለቀናት ሳየው ግን ሌላ ነገር ወጣ። አራት ቴለሮች ነበርን። ሰልፉ የሚበዛበት መስኮት ሁልጊዜ የእኔ ነበር። ለምን? «አንቺ ፈጣን ነሽ» ስለሚሉኝ። ፈጣን መሆኔ ሽልማት አላመጣልኝም፤ ተጨማሪ ሰልፍ ነው ያመጣልኝ። ደመወዛችን ግን እኩል ነው። ያቃጠለኝ ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ፍትሕ ማጣቱ ነበር። ይህን ሳውቅ ከአለቃዬ ጋር የምነጋገርበት ነገር አገኘሁ። «ሥራ ቀንሱልኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ማንም እሺ አይልም። «መስኮቱ በየሳምንቱ ይዙር» ማለት ሌላ ነው። ይህ ወጪ የለውም።

ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጊዜ ስጡት። መምህር ከሆናችሁ የተማሪው ብዛት ሊሆን ይችላል። ነርስ ከሆናችሁ የሌሊት ተረኛነቱ ድልድል ሊሆን ይችላል። ስድስቱንም መቀየር አይቻልም። አንዱን ግን ሳይቀይሩ መመለስ እኔ እንዳደረግኩት ዘጠኝ ቀን ነው።

ከአለቃ ጋር መነጋገር

በኔዘርላንድስ ሠራተኛ ሲታመም አሠሪው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ቢያንስ የደመወዙን 70 በመቶ ይከፍላል። በስምንተኛው ሳምንት ገደማም ሠራተኛውና አሠሪው ተቀምጠው የመመለሻ ዕቅድ በጽሑፍ ያዘጋጃሉ። ሕጉ ያስገድዳቸዋል። በደቡብ ስዊድን ደግሞ በዝለት ከሥራ የራቁ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ነበር። ባለሙያዎች መጀመሪያ ሠራተኛውን ለብቻ፣ ከዚያ አለቃውን ለብቻ አነጋገሩ። ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ ተቀምጠው ምን መቀየር እንዳለበት ተስማሙ። በዚህ መንገድ ያለፉት፣ እንዲህ ያለ ውይይት ካልተደረገላቸው ይልቅ በብዛት ወደ ሥራ ተመልሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ሕክምናና የሥራ ማስተካከያ አብረው እንዲሄዱ ይመክራል።

የእኛ አዋጅ የሕመም ፈቃዱን ርዝመትና ክፍያውን ይወስናል፤ አመላለሱ የሚወሰነው በስምምነት ነው። ይህ ማለት ቅድሚያውን የምትወስዱት እናንተ ናችሁ። እኔ ከመመለሻዬ ሁለት ሳምንት በፊት ለሥራ አስኪያጃችን ደወልኩና ቢሯቸው ሄድኩ። አንድ ገጽ ወረቀት ይዤ ነበር። ስለ ስሜቴ አልጻፍኩም። ሦስት ነገር ብቻ ነበር የጻፍኩት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በምን ሰዓት እንደምገባና እንደምወጣ፣ ለሦስት ወር ከታርጌት ውጭ እንድሆን፣ መስኮቱ በተራ እንዲዞር።

አነበቡትና «ሌሎቹ ምን ይላሉ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። «እኔ በሌለሁበት የእኔን ሰልፍ እነሱ ናቸው የያዙት። መስኮቱ ቢዞር እነሱም ያርፋሉ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ታርጌቱን ሦስት ወር አልችልም፤ ሁለት ወር ልሞክርልሽ» አሉ። ተስማማን። ወረቀቱ ላይ ፈረሙ፤ አንዱ ኮፒ እኔ ጋ ቀረ። ያ ፊርማ ብዙ ጠቅሞኛል። ሥራ ሲበዛ ሰው ቃሉን ይረሳል፤ በክፋት አይደለም፣ ሰልፉ ያስረሳዋል።

የሠራሁት ግማሽ ቀን ሲሆን ቀሪው ሰዓት ሳልወስደው ከቆየሁት የዓመት ፈቃድ ላይ እንዲቀነስ ነው የተስማማነው። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ተጠራቅሞ የነበረኝ ፈቃድ በዚህ ሄደ። አልቆጨኝም።

የምትመለሱበትን ወቅትም ምረጡ። ጎንደር ላይ ሆቴል፣ ባንክ ወይም አስጎብኚነት የሚሠራ ሰው ለጥር 11 ሰሞን ባይመለስ ይሻለዋል። ከተማው በጥምቀት እንግዳ ይሞላል፤ ደስ ይላል፣ ግን ለጀማሪ ጉልበት አይሆንም። ሰኔም የሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ እንደዚያው ነው።

ማሟሸት

እናቴ ምጣድ የምትገዛው ከወለቃ ነው፤ ወደ ደባርቅ መውጫ ላይ ካለው የሸክላ መንደር። ምጣዱን ባመጣችበት ቀን እንጀራ አትጋግርበትም። መጀመሪያ ታሟሸዋለች። በለስላሳ እሳት ታሞቀዋለች፣ በጎመን ዘር ታሸዋለች፣ ታሳርፈዋለች፣ እንደገና ታሞቀዋለች። ከመነሻው ብርቱ እሳት የተለቀቀበት ምጣድ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ አይጠገንም። ከዘጠኙ ቀን በኋላ ቤት ገብቼ ስተኛ «አሁንስ ልጄ፣ ሳታሟሺው ነው የጣድሽው» አለችኝ። በርንአውት ምን እንደሆነ ማንም አላስረዳትም ነበር።

የእኔ ማሟሻ እንዲህ ነበር። ከመመለሴ ሳምንት በፊት ከማራኪ ሰፈር ባጃጅ ይዤ ፒያሳ ሄድኩ። ወደ ቅርንጫፉ ገባሁ፣ ባልደረቦቼን ሰላም አልኩ፣ አንድ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ አይሞላም። የቁጥር መጥሪያው ድምፅ ሲሰማ መዳፌ አላበው። ሰውነት ያስታውሳል። በሁለተኛው ቀን ደግሜ ስሄድ ላቡ ቀነሰ። ይህ መለማመድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው፤ እባካችሁ አድርጉት።

ከዚያ ሁለት ሳምንት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብቻ ሠራሁ። መስኮት ላይ ሳይሆን ከኋላ፣ ቫውቸር የምንለውን የገንዘብ መክፈያና መቀበያ ወረቀት እያስተካከልኩ። ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት እስከ 9 ሰዓት። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሙሉ ቀን፣ ግን አሁንም ከኋላ። መስኮት ላይ የተቀመጥኩት በዘጠነኛው ሳምንት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ካለቀ በኋላ ቅዳሜን ሙሉ ተኛሁ። ደነገጥኩ። ሕመሙ የተመለሰ መሰለኝ። ሐኪሜ ያስረዳችኝ ነገር ረዳኝ። የሚፈራው ድካም ሁሉ አይደለም። ተኝቶ የሚለቅ ድካም የጤነኛ ሰው ድካም ነው። የሚያሰጋው ተኝቶም የማይለቀው ነው። ስለዚህ መለኪያዬ ሰኞ ጠዋት ሆነ። ሰኞ ስነሣ ቀለል ካለኝ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እወጣለሁ። ካልቀለለኝ እዚያው ደረጃ ላይ አንድ ሳምንት እጨምራለሁ። አንድ ጊዜ ጨምሬያለሁ፤ ሦስተኛው ሳምንት ለእኔ ሁለት ሳምንት ነበር።

መጨረሻ ላይ የሚመለሰው አእምሮ ነው። ጉልበት ከመጣ በኋላም ማስታወስና ትኩረት ማድረግ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስዊድን ውስጥ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎችም ይህን አይተዋል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው። ሰው «ደደብ ሆንኩ» ብሎ አይደነግጥም። እኔ ማስታወሻ ደብተር ያዝኩ። የተነገረኝን ሁሉ እጽፋለሁ። ገንዘብ ሁለቴ እቆጥራለሁ፤ በማሽን ከተቆጠረ በኋላ በእጅ። ስቆጥር የሚያናግረኝ ሰው ካለ እጄን ከፍ አድርጌ «አንዴ» እላለሁ። የካዝና ቁልፍ ለሦስት ወር እንዳልይዝም ጠየቅኩ።

«ምነው ጠፋሽሳ?»

ለዚህ ማንም አላዘጋጀኝም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። ከዘበኛው፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከደንበኞች፣ ከጎረቤት ሱቅ። በፍቅር ነው የሚጠይቁት። ጎንደሬ ሰው ሲጠፋበት ዝም አይልም። ግን እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። መልሱ ደግሞ ጉልበት ይፈጃል። «ታምሜ ነበር» ስትሉ «ምን?» ይመጣል። «ጭንቀት» ስትሉ ምክር ይመጣል። አንዱ «ይኼማ ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ሌላው «እኛስ አንጨነቅም እንዴ?» ይላል። ሁለተኛው ልብ ይሰብራል።

አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። የእኔ «አሞኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሁን ደህና ነኝ፤ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ነበር። ውሸት የለበትም፤ ጥያቄውንም ወደ ጠያቂው ይመልሰዋል። ዝርዝሩን የነገርኩት ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ለሥራ አስኪያጁና አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ።

ስለ ባልደረቦች አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ስንቀር ሥራው አይቀርም። የሚሸከመው ሰው አለ። አንደኛዋ ባልደረባዬ ለመጀመሪያው ሳምንት አላናገረችኝም። ተቀየምኩ። በኋላ ቡና ጋበዝኳትና «አምስት ወር የእኔን ሰልፍ ይዘሽ ነበር፤ አመሰግንሻለሁ» አልኳት። ዓይኗ ዕንባ ሞላ። እሷም እየዛለች ነበር። አለቆች ይህን ልብ ቢሉት እወዳለሁ። አንድ ሰው በዝለት ሲወጣ ሸክሙን ለሦስቱ ማከፋፈል ቀጣዩን ሕመምተኛ ማዘጋጀት ነው።

ጸበልና ጾም

እናቴ ጸበል ወስዳኛለች። ሁለት ሳምንት ተጠምቄያለሁ። ከከተማው ጩኸት መራቁ፣ ማልዶ መነሣቱ፣ ጸሎቱ ለእንቅልፌ ጠቅሞኛል። ሐኪሜም አልተቃወመችም። አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችኝ፤ የታዘዘልሽን መድኃኒት እንዳታቋርጪ። አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሰውነትን ያናጋል። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። አስመርጦ ሰውን መሐል ላይ መተው ነው የሚጎዳው።

የተመለስኩት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነበር። 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ማሟሸት ከባድ ነው። የንስሐ አባቴን ሄጄ ነገርኳቸው፤ ቁርስ እንድበላና መድኃኒቴን እንድውጥ ፈቀዱልኝ። ሙስሊም ባልደረቦቼም በረመዳን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ነግረውኛል። አባቶችን መጠየቅ ነውር የለውም።

እንደገና ሲጀምር

ሐኪሜ ከመመለሴ በፊት «የመጀመሪያዎቹ ምልክቶችሽ ምን ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝና ጻፍን። የሁሉም ሰው ይለያያል። የእኔ ሦስት ናቸው። እሑድ ማታ ሆዴ ይጨንቀኛል። ስልክ ሲጠራ እቆጣለሁ። ባለጉዳዩን ቀና ብዬ ማየት አቆማለሁ። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለእናቴም አነበብኩላት፤ እኔ ከማየቴ በፊት እሷ ታየዋለችና።

መስኮት ላይ ከተቀመጥኩ በሰባተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ አንድ አባት ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ደብተራቸውን ዘረጉ። ሒሳባቸውን ሠርቼ ሰጠኋቸው። ሲሄዱ ፊታቸውን እንዳላየሁ አወቅሁ። ከዚያ በፊት የነበረውንም ሰው አላየሁም። መሳቢያውን ከፈትኩ። ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ «ከሦስቱ አንዱ መጥቷል» አልኳቸው። ስለ ወረቀቱ ያውቃሉ። «ለሚቀጥለው ሳምንት ከኋላ ሁኚ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ቫውቸር ሳስተካክል ሳምንት ቆየሁ፣ በየቀኑ በሰዓቱ ወጣሁ፣ ሁለት ቀን ከፒያሳ እስከ ማራኪ በእግሬ ሄድኩ።

በቀጣዩ ሰኞ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ከቆላድባ የመጡ እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ከሱዳን የላከላቸውን ብር ሊያወጡ። ግንባራቸው ላይ ንቅሳት አለ። እግራቸው አብጧል። «እንዴት አደሩ እማማ? እግርዎን ምን ነካዎት?» አልኳቸው።